ስልኩ አሜሪካ 999 ዶላር፣ ጀርመን 1,199 ዩሮ፤ ልዩነቱ የሚገባው የማን ኪስ ነው?

ሕይወት_ፍራንክፈርት

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ሁሌም ያበሳጨኛልና የሚያውቅ ያስረዳኝ። አይፎን 16 ፕሮ ሲወጣ አሜሪካ 999 ዶላር ተባለ። እዚህ ጀርመን 1,199 ዩሮ። ዩሮ ደግሞ ከዶላር ይበልጣል፣ ስለዚህ ልዩነቱ 200 ብቻ አይደለም። ስልኩ ያው ስልክ ነው። የሚገጣጠመው እዚህም እዚያም አይደለም፣ እስያ ነው።

ወንድሜ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ሰሞኑን ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ «ከዚህ ገዝቼ ላምጣልሽ፣ ለምን ትዘረፊያለሽ» እያለ ነው። ቴሌቪዥኑማ እኛ ጋ ግማሽ ዋጋ ነው ይላል። እማዬም አዲስ አበባ ቴሌቪዥኗ ተበላሽቶባት አዲስ ትፈልጋለች። እውነት አውሮፓ ያለነው እየተበላን ነው? ወይስ ያላየሁት ነገር አለ?

ደብተር_ያዥ

እህት ሕይወት፣ ከመናደድሽ በፊት ሁለቱን ዋጋዎች በአንድ ሚዛን እንያቸው። ሥራዬ ሒሳብ ነውና ትንሽ ታገሺኝ።

የጀርመኑ 1,199 ቫት ገብቶበት ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሸማች የሚለጠፍ ዋጋ ታክሱን ማካተት አለበት፣ ሕግ ነው። የአሜሪካው 999 ግን ታክስ ያልተደመረበት ነው። እዚያ ታክሱ የሚደመረው ካሸሯ ጋ ስትደርሺ ነው።

ጀርመን ቫት 19 በመቶ ነው። 1,199ን ለ1.19 አካፍይው። 1,007 ዩሮ ከ56 ሳንቲም ይመጣል። ቀሪው 191 ዩሮ ከ44 ሳንቲም የመንግሥት ነው፣ ኩባንያው አያገኘውም።

አሁን ወደ ወንድምሽ እንሂድ። ሜሪላንድ ሴልስ ታክሱ፣ ማለትም የሽያጭ ታክሱ፣ 6 በመቶ ነው። 999 ላይ ስትደምሪው 1,058.94 ዶላር ይሆናል።

ዩሮውን በ1.10 ዶላር እንምታው፣ ስልኩ በወጣበት ሰሞን እዚያው አካባቢ ነበር። 1,199 ዩሮ ወደ 1,319 ዶላር ይጠጋል። ልዩነቱ 260 ዶላር ነው። ከ260ው ውስጥ 150ው የታክሱ ልዩነት ነው፣ ምክንያቱም ያንቺ መንግሥት 210 ዶላር የሚያህል ሲወስድ የወንድምሽ ግዛት 60 ብቻ ነው የሚወስደው። የቀረው 110 ዶላር ነው። «ለምን?» ብለሽ መጠየቅ ያለብሽ ስለዚህ 110 ነው።

ዲሲ_ጆርጂያ_አቬኑ

ደብተር ያዥ በደንብ አስረድቷል። እኔ ከዚህ ማዶ ያለውን ልጨምር።

አሜሪካ «ታክሱ ስንት ነው» ብሎ በአንድ ቁጥር መመለስ አይቻልም። ኦሪገን፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸርና ዴላዌር ሴልስ ታክስ የሚባል የላቸውም። ኒው ዮርክ ከተማ 8.875 በመቶ ነው። ሲያትል ከ10 በመቶ በላይ ነው። የእኛ አካባቢ ሰው ላፕቶፕ ሊገዛ ሲል ዴላዌር ድረስ ይነዳል። እዚያ ያለው ክርስቲያና ሞል የሚባለው የገበያ ማዕከል ፓርኪንጉ ቅዳሜ ቅዳሜ በሜሪላንድና በፔንሲልቬኒያ ታርጋ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። በሕጉ ግን ሜሪላንድ ይዞት የመጣ ሰው ታክሱን ራሱ አሳውቆ መክፈል አለበት፣ ይህንንም ማወቅ ጥሩ ነው።

ሌላው ነገር ማስታወቂያ ላይ የሚያዩት ዋጋ ብዙ ጊዜ ከስልክ ድርጅት ውል ጋር የታሰረ ነው። መደበኛው አይፎን 16 «799» ሲባል ከአንዱ ድርጅት ጋር ስታስመዘግቢው ነው። ሳይታሰር ለመግዛት 829 ነበር። «በነፃ» የሚሰጡትም አለ፣ ግን ለሦስት ዓመት ያህል ውድ የወር ክፍያ እየከፈልሽ ነው ነፃ የሚሆነው። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን ማስታወቂያ አይቶ ቢናደድ ያላየው ብዙ ነገር አለ።

ሳባ_ስቶክሆልም

እሺ ታክሱ ገባን። እኛ ስዊድን ደግሞ 25 በመቶ ነው የምንከፍለው፣ ዴንማርክም እንደዚያው፣ ሀንጋሪ 27። ሉክሰምበርግ ያለ ሰው በ17 ይገላገላል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥም ዋጋው አንድ አይደለም።

እኔ ግን ስለ 110ሯ ላውራ። ሁሉም ዘረፋ አይደለም። ዋስትና የሚባል ነገር አለ።

የእኔ ላፕቶፕ ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር አወጣ። ከተገዛ ዓመት አልፎታል። ወደ ገዛሁበት ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ደረሰኙን አየና «የአምራቹ ዋስትና አልቋል፣ ስክሪኑን ለማስቀየር ይህን ያህል ክሮነር ያስፈልጋል» አለኝ። የነገረኝ ዋጋ የላፕቶፑን ግማሽ ያህላል። እኔም «አምራቹን አይደለም የምጠይቀው፣ የሸጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፣ እናንተን ነው የምጠይቀው» አልኩት። ስዊድን የሸማች ሕጉ ሦስት ዓመት ይሰጣል፣ ሁለቱን ዓመት ደግሞ ጉድለቱ ከመጀመሪያው አለመኖሩን ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ልጁ ውስጥ ገብቶ አለቃውን አናግሮ ተመለሰ። ላፕቶፑን ተቀበሉኝ፣ ስክሪኑ ተቀይሮ አንድ ክሮነር ሳልከፍል ወሰድኩት።

ያ ጥገና ገንዘብ ነው። አንድ ሰው ከፍሎታል። የተከፈለው ደግሞ ሁላችንም ስንገዛ ከምንከፍላት ላይ ነው። ያቺን ለሁለትና ሦስት ዓመት መብት የምትከፈል አድርጌ ሳስባት ብዙም አታናድደኝም።

አብርሽ_ለንደን

እኛ ጋ ደግሞ ይኸው ስልክ ሲወጣ 999 ፓውንድ ነበር። ቁጥሩ ከአሜሪካው ጋር አንድ ነው፣ የዶላሩን ምልክት አንስተው የፓውንዱን የለጠፉበት ነው የሚመስለው። 20 በመቶ ቫቱን ስታወጡት 832 ፓውንድ ከ50 ነው። በዶላር ስትመቱት አሁንም ከ999 ይበልጣል። ያቺ ትርፍ ነገር እዚህም አለች።

ለሳባ፦ እንግሊዝም የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ አለ፣ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ከፈለግህ ስድስት ዓመት አለህ። ስኮትላንድ አምስት። ግን የዕቃውን ዕድሜ እያዩ ይቀንሱብሃል።

ደብተር_ያዥ

ሳባ ትክክል ናት፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። 110ሯን በሙሉ ለዋስትና መስጠት ለኩባንያዎቹ በጣም መራራት ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ ዝቅተኛው የሁለት ዓመት ዋስትና ነው፣ እንደ ስዊድን ያለው አገር ይጨምራል። አሜሪካ አብዛኛው ዕቃ የአንድ ዓመት የአምራች ዋስትና ብቻ ነው ያለው፣ ከዚያ በላይ ከፈለግህ ለብቻው ትገዛለህ። ልዩነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙው ስልክ በሁለተኛው ዓመት አይበላሽም። የሚበላሸውም ወድቆ ወይም ውኃ ገብቶበት ከሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም። ለተሸጠው ስልክ ሁሉ ሲካፈል 110 ዶላር አይደርስም ባይ ነኝ።

ትልቁ ነገር ምንዛሪው ነው። የፕሮውን ሒሳብ ተመልከቱ። አሜሪካ 999 ዶላር፣ ጀርመን ቫቱ ወጥቶ 1,007 ዩሮ። መደበኛው 16 ደግሞ ሲወጣ አሜሪካ ከስልክ ድርጅት ጋር 799፣ ጀርመን 949 ነበር። 949ን ለ1.19 ብታካፍሉት 797 ይመጣል። 799 እና 797! ኩባንያው የዶላሩን ቁጥር ይወስድና ዩሮ ይለዋል፣ ከዚያ ቫት ይደምርበታል። አንድ ዶላር አንድ ዩሮ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚተምነው።

በፈረንጆቹ 2022 መስከረም ላይ ይህ ለእነሱም አደገኛ ነበር። ዩሮ ከዶላር በታች ወርዶ ነበር። ያኔ አይፎን 14ን ጀርመን 999 ዩሮ አደረጉት፣ ቫቱ ሲወጣ 839። አሜሪካ 799 ሆኖ ቀረ። በዓመቱ ዩሮ ሲያገግም 15ቱን ወደ 949 አወረዱት። ከዚያ ወዲህ 16ቱም 17ቱም ሲወጡ 949 ነበሩ። ዩሮ ግን በ2025 ወደ 1.17 ዶላር ወጥቷል፣ 797 ዩሮ በዚያ ምንዛሪ 930 ዶላር ያልፋል። ዩሮ ሲወድቅ ዋጋውን ቶሎ ይጨምሩታል፣ ሲነሣ ግን እጃቸው ይከብዳል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ኩባንያዎቹ የሚሉት አለ። ዋጋ የሚቆረጠው ለአንድ ዓመት ነው፣ ምንዛሪ በየቀኑ ይዋዥቃል፣ ስለዚህ መጠባበቂያ እንይዛለን ይላሉ። ይገባኛል። ግን መጠባበቂያውን የሚይዙት ከእኛ ኪስ ነው፣ ሳያስፈልግ ሲቀርም አይመልሱትም።

ጌመሩ_ሀቢ

ደብተር ያዥ ያልከው ፕሌይስቴሽን በሚባለው የሶኒ ጌም መጫወቻ ላይ በደንብ ይታያል። ፒኤስ5 በ2020 ሲወጣ 499 ዶላር፣ 499 ዩሮ ነበር። እኩል ቁጥር፣ የእኛው ቫት ያለበት። ያኔ አውሮፓ ያለ ሰው ከታክስ በፊት ሲታይ ከአሜሪካው ጋር ተቀራራቢ ዋጋ ነው የከፈለው! ነሐሴ 2022 ላይ ሶኒ የአውሮፓውን ወደ 549 ከፍ አደረገ፣ አሜሪካን አልነካም። ምክንያቱ የዋጋ ንረትና ምንዛሪ ነው ተባለ።

ነሐሴ 2025 ላይ ደግሞ ተራው የአሜሪካ ሆነ። እዚያም 50 ዶላር ተጨመረ። አሜሪካ በውጭ ዕቃ ላይ ቀረጥ ጨምራ የቀረጡ ጦርነት በተጀመረበት ዓመት ማለት ነው።

ፒኤስ5 ፕሮ በ2024 ሲወጣ 700 ዶላርና 800 ዩሮ ነበር። የኒንቴንዶው መጫወቻ ስዊች 2 ግን በ2025 ሲወጣ 450 ዶላርና 470 ዩሮ ነበር፣ ጀርመን ቫቱ ሲወጣ 395 ዩሮ። ዋጋው በተነገረበት ሰሞን ምንዛሪው 1.10 አካባቢ ነበር፣ በዚያ ብትመቱት 434 ዶላር ነው፣ ከአሜሪካው ያነሰ። ስለዚህ «አውሮፓ ሁሌ ውድ ነው» የሚለው አይሠራም። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ታሪክ አለው።

ናፍቆት_ዱባይ

እዚህ ቫት 5 በመቶ ብቻ ነው 😊 ከ2018 በፊት እሱም አልነበረም። አዲስ አበባ የሚገባው ስልክና ላፕቶፕ ብዙው በዚህ በኩል የሚመጣው በከንቱ አይደለም። ኤሌክትሪኩም እንደ አገራችን 220 ነው፣ ሶኬቱ ግን የእንግሊዝ ባለ ሦስት ጥርሱ ነው።

ሕይወት_ፍራንክፈርት

ወይ ጉድ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የስልኩ ገባኝ። ቴሌቪዥኑስ? ወንድሜ ፎቶ ልኮልኛል፣ 65 ኢንች ለጀርመን ሰው በማይታመን ዋጋ ነው ያለው። እሱም ታክስ ብቻ ነው?

ጭነት_ሮተርዳም

ሕይወት፣ ቴሌቪዥን ከስልክ በጣም ይለያል። ወደብ አካባቢ በዕቃ ማጓጓዝ ነው የምሠራው፣ የቀረጡን ነገር በየቀኑ አየዋለሁ።

ስልክ፣ ላፕቶፕና ታብሌት ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገቡ ቀረጣቸው ዜሮ ነው። በ1996 የተፈረመ የዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት አለ፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዕቃዎችን ከቀረጥ ነፃ ያደረገ። ስለዚህ ስልኩን ቀረጥ ነው ያስወደደው የሚል ካለ ተሳስቷል። ቴሌቪዥን ግን እዚያ ስምምነት ውስጥ አልገባም። ከውጭ ተሠርቶ የሚገባ ቴሌቪዥን 14 በመቶ ቀረጥ አለበት። ቫቱ የሚሰላው ደግሞ ከቀረጡ በኋላ ባለው ዋጋ ላይ ነው፣ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል።

ለዚህ ነው ትልልቆቹ አምራቾች ፖላንድ፣ ስሎቫኪያና ሀንጋሪ ውስጥ መገጣጠሚያ የከፈቱት። ከቱርክም ብዙ ይገባል፣ ቱርክ ከኅብረቱ ጋር የጉምሩክ ስምምነት ስላላት ቀረጥ የለበትም። አሜሪካ የሚሸጠው ደግሞ ብዙው ሜክሲኮ ድንበሩ ላይ፣ ቲጁዋና አካባቢ ተገጣጥሞ ነው የሚገባው። መንገዱም አጭር ነው።

ሌላው ምክንያት ገበያው ነው። አሜሪካ ከ330 ሚሊዮን በላይ ሰው ያለበት አንድ ገበያ ነው። አንድ ካርቶን፣ አንድ ማንዋል፣ አንድ ዓይነት ሶኬት። ኅብረቱ 27 አገርና 24 ቋንቋ ነው። አምራቹ በየአገሩ ለአሮጌ ዕቃ መሰብሰቢያ ተመዝግቦ ይከፍላል። ጀርመን ውስጥ ከእያንዳንዱ ስማርት ስልክ 6.25 ዩሮ ለደራሲያንና ለሙዚቀኞች ይቆረጣል፣ ሰው ለራሱ ስለሚቀዳው ማካካሻ ነው። ፈረንሳይ ትልቅ ሜሞሪ ካለው ስልክ 14 ዩሮ ነው። ለየብቻ ሲታዩ ጥቃቅን ናቸው፣ ሲደማመሩ ግን ይሰማሉ።

ደግሞ አሜሪካ ቴሌቪዥኑ ራሱ ማስታወቂያ ሻጭ ነው። ቪዚዮ የሚባለው ድርጅት ቴሌቪዥን ሸጦ ከሚያተርፈው ይልቅ ከማስታወቂያና ከተመልካች መረጃ የሚያተርፈው የበለጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። በ2024 መጨረሻ ዋልማርት በ2.3 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ለዚህ ነው። እንዲህ ሲሆን ዕቃውን በርካሽ ቢሰጥህም ያዋጣዋል። አውሮፓ ከ2018 ወዲህ የግል መረጃ ሕጉ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ያ መንገድ እንደዚያ ሰፊ አይደለም።

ቀረጥ ዕቃውን ራሱን እንኳ ይቀይረዋል። እዚህ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ካለ ያውቀዋል፣ የድሮዎቹ ፎቶ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ቀረጻውን ያቆሙ ነበር። ቃል ኪዳኑ መሐል ላይ ቀጥ! ምክንያቱ የአውሮፓ ጉምሩክ ነው። 30 ደቂቃ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። አምራቾቹ ከዚያ ለማምለጥ አንዷን ሰከንድ ቆረጧት።

ጥገና_መገናኛ

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። እህቴ ሕይወት፣ እባክሽ ለእናትሽ ከአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዳታስመጪ። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ብዙ ቴሌቪዥን ከአሜሪካ መጥቶ ተቃጥሎ ሱቄ ይገባል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220፣ 50 ኸርዝ። ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ማንም አያያትም። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ካለ ይሠራል፣ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ነው። «ከ110 እስከ 120» ካለ ግን ቀጥታ ሲሰካ ያልቅለታል። ስከፍተው ፊውዙ ጠቁሯል፣ ኮንደንሰሩ አናቱ አብጧል፣ አንዳንዴም ፓወር ሰፕላይ ቦርዱ ላይ ጥቀርሻ አለ። ሰውዬው ካርጎ የከፈለበት ገና አልወጣለትም። ትራንስፎርመር ይገዛለታል እንዳትይ፣ መብራቱ ሲሄድና ሲመጣ እሱም አይችለውም።

በዚያ ላይ 65 ኢንች በጭነት ሲመጣ ፓነሉ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ፓነል አይጠገንም፣ ይቀየራል፣ ዋጋው አዲስ ቴሌቪዥን ነው። ጉምሩኩም አለ። እዚሁ ተገዝቶ፣ ዋስትና ተጽፎበት፣ ከደህና ስታቢላይዘር ጋር ቢገባላቸው ይሻላል።

ስልክና ላፕቶፕ ላይ ይህ ችግር የለም። ቻርጀራቸው በሁሉም ነው የሚሠራው። ሚክሰር፣ የፀጉር ካውያ፣ ማይክሮዌቭ ከአሜሪካ አታምጡ። ከጀርመን ከሆነ ሶኬቱም ቮልቱም የእኛው ነው።

ቶሎ_በል

ይህ ሁሉ ሒሳብ ለምን አስፈለገ? ወንድምሽ ካርቶኑን ጥሎ ስልኩን በኪሱ ይዞ ይምጣ። የሚያሳውቀው ዕቃ እንደሌለው ሰው በጉምሩኩ አረንጓዴ በር አልፎ ይወጣል፣ ማንም አያየውም። 260 ዶላር ተረፈሽ።

ጭነት_ሮተርዳም

ቶሎ በል፣ እንዲህ ብለህ ሰው አትምከር። ከኅብረቱ ውጭ በአውሮፕላን የሚገባ መንገደኛ ያለ ቀረጥና ታክስ ይዞ መግባት የሚችለው እስከ 430 ዩሮ ድረስ ነው። ከዚያ የሚበልጥ አንድ ዕቃ ከሆነ ታክሱ በሙሉ ዋጋው ላይ ነው፣ 430ው አይቀነስለትም። ሳያሳውቅ በአረንጓዴው በር ወጥቶ ከተያዘ ታክሱም ቅጣቱም አለበት። ሰውዬው እህቱን ሊጠይቅ መጥቶ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ቃል ሲሰጥ ይዋል?

አሳውቆ ሲገባ ያለውን ልሥራልሽ ሕይወት። ሜሪላንድ የከፈለው 1,058.94 ዶላር ወደ 963 ዩሮ ነው። ስልክ ቀረጥ የለበትም፣ 19 በመቶ የማስገቢያ ቫት ግን አለ፣ 183 ዩሮ። ድምሩ 1,146። ጀርመን ያለው 1,199። የሚተርፍሽ 53 ዩሮ ነው።

ሳባ_ስቶክሆልም

ለ53 ዩሮ ደግሞ የሁለት ዓመት መብትሽን ትተያለሽ። ያ መብት የሚጠየቀው ሻጩ ላይ ነው፣ ሻጭሽ ደግሞ ሜሪላንድ ነው። የሚቀርሽ የአምራቹ አንድ ዓመት ነው። ኢንተርኔት ላይ እዚያው ጀርመን ብትገዢ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳትሰጪ መመለስም ትችያለሽ።

ሲሙንም አትርሺ። አሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ቀዳዳ የላቸውም፣ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም፣ ብቻ ነው የሚሠሩት። አዲስ አበባ ስትሄጂ እንደለመድነው ሲም ገዝተሽ የምትከቺበት ቦታ የለውም፣ ኢሲም ማስከፈት ይኖርብሻል።

ዲሲ_ጆርጂያ_አቬኑ

ሳባ ልክ ነሽ። እዚህ ያለ ሰው ስልክ ገዝቶ ለዘመድ ሲልክ ሌላም የሚረሳው አለ። ከስልክ ድርጅት በውል የተገዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዕዳው እስኪያልቅ የተቆለፈ ነው፣ ያኔ አውሮፓም አገር ቤትም ሌላ መስመር አይቀበልም። ወንድምሽን «ያልተቆለፈ ነው?» ብለሽ መጀመሪያ ጠይቂው።

ሕይወት፣ እኔ ብሆን ጀርመን ነው የምገዛው፣ ግን በወጣበት ሳምንት አይደለም። 1,199 ስልኩ ሲወጣ አምራቹ የቆረጠው ዋጋ ነው። ሌሎቹ ሱቆች ከጥቂት ወራት በኋላ ዝቅ ያደርጉታል። ከሌላ የኅብረቱ አገር ሱቅ ማዘዝም ትችያለሽ። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ከሌላ አገር ነሽ ብለው አንሸጥም ማለት ተከልክሏል፣ ማድረሱ ግን ግዴታቸው አይደለም።

ሕይወት_ፍራንክፈርት

ተወስኗል። ስልኩን እዚሁ እገዛለሁ፣ እስኪቀንስ ጠብቄ። የእማዬን ቴሌቪዥን አዲስ አበባ፣ ጥገና መገናኛ እንዳለው። ወንድሜ በርበሬና ሽሮ ካመጣልኝ ይበቃኛል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። እማዬ በበጋው ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ለእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ልሰድላት አስቤያለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ከኅብረቱ ውጭ ለሚኖር ሰው ቫቱ ይመለሳል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ደብተር_ያዥ

እውነት ነው፣ ለአንቺ ግን አይሆንም። ፓስፖርትሽ ምንም ይሁን ምን ጀርመን ነዋሪ ነሽ። እናትሽ አዲስ አበባ ስለሚኖሩ ግን መብቱ የእሳቸው ነው። ሲገዙ አብራችሁ ሂዱና ፓስፖርታቸውን አሳዩ፣ ሱቁ የታክስ መመለሻ ቅጹን በስማቸው ይሙላላቸው። ሁሉም ሱቅ አይሠራውም፣ ግዴታም የለበትም፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ጀርመን ከ50 ዩሮ በላይ መሆን አለበት፣ ላፕቶፕ ያልፈዋል። ዕቃው ከተገዛበት ወር ቀጥሎ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ከኅብረቱ መውጣት አለበት።

1,190 ዩሮ ላፕቶፕ ውስጥ ቫቱ 190 ነው። መሐል ላይ ያለው አስመላሽ ድርጅት የአገልግሎቱን ስለሚቆርጥ 190ው ሙሉ አይመጣም፣ የሚመጣውም ቢሆን ደህና ገንዘብ ነው። እንግሊዝ ቢሆን ይህ የለም፣ ከ2021 ጀምሮ አንስተውታል።

ጭነት_ሮተርዳም

ኤርፖርቱን እኔ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚያ ነው። የጉምሩክ ሰው ዕቃውን ራሱን አይቶ ቅጹ ላይ ማኅተም ማድረግ አለበት። ላፕቶፑ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ቼክ ኢን ላይ «ለጉምሩክ የማሳየው ዕቃ አለኝ» ይበሉ። ታጉን ለጥፈው ሻንጣውን ይመልሱላቸዋል፣ ለጉምሩክ አሳይተው እዚያው ያስረክባሉ። በእጅ ከያዙት ደግሞ ከፍተሻው በኋላ ያለው የጉምሩክ ቢሮ ነው የሚያየው። ላፕቶፑ አዲስ፣ ያልተሠራበት ይሁን። እዚህ ተከፍቶ ፊልም ሲታይበት ከርሞ ከሄደ ሊከለክሉ ይችላሉ። ሰልፍ ስለሚኖር ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። እናትሽ ጀርመንኛ ካልቻሉ ቼክ ኢኑ ድረስ አብረሻቸው ግቢ፣ ቅጹንና ደረሰኙን አንድ ላይ አያይዘሽ በእጃቸው ስጫቸው።

ጥገና_መገናኛ

ላፕቶፑ የጀርመን ኪቦርድ እንዳይሆን እይው። ዜድና ዋይ ቦታቸው የተቀያየረ ነው፣ ልጅቷ እዚህ ስትጽፍ ትቸገራለች። ስታዝዙ የእንግሊዝኛውን ብላችሁ ምረጡ።